እምቢ የሚለው ፊኛ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ፣ በኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል ውስጥ ለጎረቤቶችና ለተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። አንድ ጎረቤቴ በስልኩ ቀድቶልኝ ነበር፤ እሱን እያዳመጥኩ ነው የገለበጥኩት። ከመብራቱ መጥፋት ጋር የተያያዘውን ጫጫታ ብቻ ቆርጫለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ!

ኧረ ድምፅ! ከኋላ ያላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንበሩን ያዋሳችሁን የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ ነርሶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጎሚስታችንም እንዳየሁት በር ላይ ቆሟል። ግባ እንጂ ወንድሜ! ዛሬ አንተን በጣም እፈልግሃለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነኝ። ስለዚህ ንግግሬን ስጨርስ “ደረቴን ይወጋኛል” ብላችሁ እንዳትከቡኝ። ለሱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ የመጣሁት ስለዚች ዕቃ ላወራችሁ ነው። ትታያችኋለች? አትታይም። ከኋላ ያላችሁ ምንም አይታያችሁም፤ ልክ ናችሁ። ርዝመቷ ከእኔ ቁመት ትንሽ ታንሳለች፤ ውፍረቷ የስፓጌቲ ያህል እንኳ አይሆንም። ጫፏ ላይ የተጣጠፈች ፊኛ አለች። ባሉን ካቴተር ይሏታል፤ ካቴተር ማለት ቀጭን ቱቦ ነው። በጠበበ የደም ሥር ውስጥ ገብታ ትነፋለች፤ የጠበበውን ትከፍታለች፤ ተመልሳ ትጣጠፍና ትወጣለች። ይቺ ጊዜዋ ያለፈባት ስለሆነች ነው እጄ የገባችው። ሌላ አንድ አለኝ፣ እሱን እንካችሁ፣ እየተቀባበላችሁ እዩት። ልጆች አፋችሁ ውስጥ እንዳትከቱት!

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ ከየት መጣች። ሁለተኛ፣ ፊኛ ትባላለች እንጂ ጠባይዋ የፊኛ አይደለም፤ ለምን? ሦስተኛ፣ እንዴት ትገባለች፣ እንዴትስ ትወጣለች። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ከወዲሁ ይቅርታ።

ከዚያ በፊት ግን ጎሚስታችንን ልጠይቀው። ለቤት መኪና ጎማ ስንት ባር ትሞላለህ? “ሁለት፣ ሁለት ተኩል።” ለሲኖትራክስ? “ስምንት።” ስምንት! ያ ሁሉ ጎማ፣ ያ ሁሉ ሽቦና ሸራ፣ ስምንት ባር። ይቺ ግድግዳዋ ከፀጉር የቀጠነ ፊኛ 12 ባር ትሸከማለች። 20 የሚሸከሙም አሉ። ከሲኖትራክ ጎማ በላይ! እንዴት? ይህን “እንዴት” ያዙልኝ።

እሺ፣ አንደኛው። ከየት መጣች?

እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመን ውስጥ ቨርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ለሽንት ቧንቧ የተሠራ ካቴተር በገዛ ክንዱ የደም ሥር አስገብቶ፣ እስከ ልቡ ገፋው። ከዚያ እንዳለ፣ ቱቦው ከክንዱ ሳይወጣ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ተነሣ። አስቡት! ምን የተባለ ይመስላችኋል? “እብድ ነው።” ሥራውንም አጣበት። በ1956 ደግሞ ኖቤል ሸለሙት።

ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ፎጋርቲ መጣ። በልጅነቱ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ጓንት ጣት ቆርጦ፣ ከቀጭን ካቴተር ጫፍ ጋር ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ በሚያስሩበት ቋጠሮ አሰረው። እግር ውስጥ የረጋ ደም አለ እንበል። ካቴተሩን የረጋውን ደም አሳልፎ ይገፋዋል፣ ፊኛውን ይነፋል፣ ይጎትታል፤ የረጋው ደም ተጠራርጎ ይወጣል። ድሮ ለዚህ እግሩን በሰፊው ነበር የሚቀዱት። ልብ በሉ፤ የፎጋርቲ ፊኛ የእውነት ፊኛ ነው፤ ላቴክስ ነው፤ ይለጠጣል። ለጠረጋ ደግሞ መለጠጡ ጥሩ ነው፤ የደም ሥሩን ቅርጽ ይዞ ይሄዳል።

መጥረግ አንድ ነገር ነው፤ የጠበበ ቧንቧ መክፈት ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ዶተር፣ ፖርትላንድ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1964። በእኛ አቆጣጠር ቆጥሬው ጥር 7 ቀን 1956 ሆኖ አገኘሁት፤ የሥላሴ ዕለት! አንዲት የ82 ዓመት እናት እግራቸው እየሞተ ነበር። “ይቆረጥ” ሲባሉ እምቢ አሉ። ዶተር በጠበበው የደም ሥር ውስጥ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ በላዩ ወፈር ያለ ካቴተር እያሳለፈ አሰፋላቸው። እግራቸው ሞቀ፤ ሕይወታቸው እስኪያልፍ በገዛ እግራቸው ሄዱ። የዶተር መሣሪያ ግን ችግር ነበረበት። ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ለማስፋት፣ ከውጭ የምታስገባውም 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ የሚተልቅ ነገር ያስፈልግ ነበር። ምን? ፊኛ!

ያንን የሠራው ሐኪሙ አንድሬያስ ግሩንትዚግ ነው። የት ሠራው ብትሉ፣ ዙሪክ ውስጥ፣ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ። ረዳቱ ማሪያ ሽሉምፍ አብራው፣ ባሏም ሚስቱም እያገዙ፣ ማታ ማታ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ቱቦ እያሞቁ፣ እየነፉ፣ እየቀደዱ። እናቶች፣ ወጥ ቤታችሁን ሰው አበላሸ ብላችሁ አትቆጡ፤ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977፣ በእኛ መስከረም 6 ቀን 1970፣ በአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር ውስጥ ያቺን ፊኛ ነፋ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ የደም ሥሩ ክፍት ነበር። ግሩንትዚግ ግን ያንን ዕለት አልደረሰበትም፤ በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ግሩንትዚግ ያ ሁሉ ማታ ምን እየፈለገ ነበር? የሚነፋ ነገርማ ሞልቷል። የፈለገው መነፋቱን የሚያቆም ነገር ነው። እደግመዋለሁ፤ መነፋቱን የሚያቆም።

ጎሚስታችን፣ ከመነዳሪ ከጎማው አውጥተህ ብቻውን ስትነፋው ምን ይሆናል? “አንድ ጎኑ ያብጣል።” አያችሁ! ሁሉም ቦታ እኩል አያብጥም። የሳሳው ቦታ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲወጣ ይበልጥ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ይበልጥ ይወጣል። አሁን ይህንን ከመነዳሪ የጠበበ የደም ሥር ውስጥ አስገቡት። መሐሉ ላይ ስብና ካልሲየም ተጋግሮ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አለ፤ ግራና ቀኙ ደህና የደም ሥር ነው፣ ለስላሳ። ላቴክሱ ሲነፋ ወዴት ይሄዳል? ወደ ለስላሳው! ድንጋዩ እንዳለ ይቀመጣል፤ ፊኛው ወገቡ እንደታሰረ ትራስ በሁለቱ ጫፍ ያብጣል። ደህናውን ቀደደ፣ የታመመውን ተወው ማለት ነው።

የእኛዋ ፊኛ ግን 3 ሚሊ ሜትር ተብላ ከተሠራች፣ 3 ላይ ስትደርስ “በቃኝ” ትላለች። ግፊቱን ጨምርባት፤ እምቢ። ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ትንሽ ባልበለጠ ነው የምታድገው። ጫፎቿ ማደጉን እምቢ ስላሉ፣ የጨመርከው ግፊት ወገቧን ያነቀው ድንጋይ ላይ ይወድቃል። እስኪሰነጠቅ። ድንጋዩን የሚሰነጥቀው እምቢታዋ ነው።

ግሩንትዚግ በመጀመሪያ ላቴክሱን በሐር መረብ ሊጠቀልለው ሞክሮ ነበር። ጎሚስታችን ሳቀ፤ ገባው። ከመነዳሪ በሸራ! የጎማ አሠራር ነው። ግን ወፈረ፤ አልገባ አለ። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር፣ ሃይንሪሽ ሆፕፍ፣ ስለ ፒ.ቪ.ሲ. ነገሩት። አዎ፣ የቧንቧው ፒ.ቪ.ሲ.! ቱቦውን አሙቆ ሲነፋው ቅርጽ ያዘ፤ ከያዘው ቅርጽ ደግሞ አልፎ አልሄደም። ዛሬ በብዛት ናይሎንና የናይሎን ዘመዶች ናቸው፤ ኃይለኛ ግፊት ሲፈለግ ፔት አለ።

ፔት ስል ሃይላንድ ማለቴ ነው። የውሃው ፕላስቲክ። እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ገላን መስመር ላይ ባለ አንድ የውሃ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ብሎወር ማሽን ላይ ነው። ፕሪፎርም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የላብራቶሪ ብልቃጥ የሚመስል፣ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ፕላስቲክ፤ አንገቱ የጠርሙሱ አንገት ነው። ይሞቃል፣ 100 ዲግሪ አካባቢ፤ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባል፤ ዘንግ ከውስጥ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ አየር ወደ ጎን ይነፋዋል። ጧ! ጠርሙስ። አንድ ሌሊት፣ የሌሊት ሽፍት ላይ፣ አንዱ የማሞቂያ መብራት መቃጠሉን ሳላይ ቀረሁ። ጠርሙሶቹ እንደ ወተት ነጭ እያሉ መውጣት ጀመሩ። ፎርማኑ መጣ፤ አልጮኸም። አንዱን አንሥቶ መብራት ላይ አሳየኝና “ሳይሞቅ ጎተትከው፤ ውስጡ ተሰነጣጥቋል” አለኝ። ከዚያ ከደመወዜ ቆረጠ። አለመጮኹ ነው የባሰኝ።

ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ መምህራችን የባሉን ካቴተር አሠራር ሲያስረዱ፣ ቱቦው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፣ ይሞቃል፣ በቁመቱ ይጎተታል፣ በናይትሮጅን ወደ ጎን ይነፋል ሲሉ፣ እጄን አወጣሁና “ይሄማ ሃይላንድ ነው!” አልኩ። ተሳቀብኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ “ነው” አሉ።

መጎተቱ ለምን ያጠነክራል? እናቶች ታውቁታላችሁ። ባዘቶ ጥጥ በሁለት ጣት ይበጠሳል። እንዝርት ላይ ወጥቶ ሲፈተል፣ ጭረቱ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ፣ ያው ጥጥ እጅ ይቆርጣል። ፕላስቲክም ውስጡ እንደ ባዘቶ የተዘበራረቀ ረጃጅም ክር ነው። አሙቀህ ስትጎትተው ክሩ ይሰለፋል። በቁመትም በወርድም ስትጎትተው በሁለቱም ይሰለፋል። ከተሰለፈ በኋላ የሚለጠጥ ትርፍ የለውም። እምቢታዋ ከዚህ ነው የመጣው። ቤት ስትገቡ የሃይላንድ አንገቱንና ሆዱን ዳሱት፤ አንገቱ ያልተጎተተው ነው፣ ወፍራም ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አትሽሹ! ፊኛዋ 3 ሚሊ ሜትር ናት፤ ግፊቱ 12 ባር፤ ግድግዳዋ 20 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ። ግፊቱን በግማሽ ስፋቷ ታባዛለህ፣ በግድግዳዋ ውፍረት ታካፍላለህ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 900 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ዘጠኝ ኩንታል! በጥፍር ስፋት ላይ ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ። የፊኛዋን ስፋት እጥፍ አድርገው፣ ሌላውን አትንካ፤ 18 ኩንታል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ፊኛዎች በዝቅተኛ ግፊት ብቻ የሚፈቀዱት። ትንሿ ናት ጉልበተኛዋ።

ይህ ሒሳብ ደግሞ የዙሪያው ነው። የቁመቱ ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ቧንቧ ሲፈነዳ በየት በኩል ይቀደዳል? ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም! ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ሮቶ ለመሙላት ጎማውን ስንሰካ፣ ጎማው የሚቀደደው እንዴት ነው? በቁመቱ! ዙሪያውን በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ የተቀደደ ጎማ ያየ ማን ነው? ማንም። ዙሪያው እጥፍ ስለሚሸከም እሱ ቀድሞ ይለቃል፤ ዙሪያው ሲለቅ ስንጥቁ በቁመት ይሮጣል።

ይህ ለእኛ የሌሊት እርግማን ነው፤ ለታማሚው ግን ምሕረት ነው። ፊኛ በቁመቷ ከተቀደደች ታጥፋ ትወጣለች። ዙሪያዋን ከተቆረጠች ግን የፊተኛው ቁራጭ ስትጎትተው ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ይከፈታል፤ አልወጣም ይላል፤ ተበጥሶም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዲዛይን የሚያደርገው ሰው ፊኛዋ እንዳትፈነዳ ብቻ አይደለም የሚያስበው። ከፈነዳች እንዴት እንደምትፈነዳም ያስባል። ፓኬቱ ላይ የግፊት ጣሪያ ተጽፏል። እስከዚያ ድረስ ከ1,000 ፊኛ 999ኙ እንደማይፈነዱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት በሙከራ ካልታየ ያ ቁጥር አይጻፍም።

መብራት! ... እሺ፣ ተመለሰ። ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ስለ እህቴ ልነግራችሁ ነበር።

ታላቅ እህቴ በልጅነቷ ጉሮሮዋን በተደጋጋሚ ታመመች፤ “ቶንሲል ነው፣ ያልፋል” ተባለ። ቶንሲሉ አለፈ። የልብ ቫልቯን ግን ይዞት ሄደ። ካደገች በኋላ ሁለት ጀሪካን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አቃታት፤ በየደረጃው ትቀመጣለች። በአንድ የጤና ተቋም፣ ስሙን አልጠራም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የአስም መድኃኒት ወሰደች። በኋላ ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር መከፈት የሚገባው ያ ቫልቭ፣ ሚትራል ይሉታል፣ ከ1 በታች ወርዷል።

እሷን ያዳናት የጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ፊኛ ነው፤ የ1980ዎቹ ሥራ። ደም ሥር ሳይሆን ቫልቭ የሚከፍት ነው፤ ግን ያው ቤተሰብ ነው። ኢኖዌ ምን አደረገ? በሁለት ላቴክስ መሐል የናይሎን መረብ ከተተ። ጎሚስታችን፣ ሸራው ተመልሶ መጣ! መረቡ ሁሉም ቦታ እኩል እንዳይነፋ ያደርገዋል። መጀመሪያ ፊተኛው ብቻ ይነፋል፤ ሐኪሙ ሳብ አድርጎ ቫልቩ ላይ ያስደግፈዋል። ቀጥሎ ኋለኛው፤ አሁን ቫልቩ መሐል ተያዘ፣ አይንሸራተትም። መጨረሻ ላይ ወገቡ። ቪዲዮውን አሳይተውኛል፤ ወገቡ ጥብቅ ብሎ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቧ! ሁሉ ነገር ሰከንዶች ነው። እህቴ አልተኛችም፣ እየሰማች ነበር። “ልብሽ ውስጥ ፊኛ ነፋን ሲሉኝ ልደት ያከበሩልኝ መሰለኝ” ትላለች። ዛሬ እዚህ አልመጣችም፤ አራተኛ ፎቅ ልብስ እያሰጣች ነው።

ሰዓቱ ሄደብኝ፤ ሦስተኛውን ቶሎ ልበለው። መጀመሪያ በጣም ቀጭን መሪ ሽቦ፣ የሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ፣ የጠበበውን ያልፋል። ካቴተሯ በሱ ላይ እንደ ዶቃ በክር ትሄዳለች። ፊኛዋ እንደ ጃንጥላ በሦስት ክንፍ ተጠቅልላለች፤ ተጠቅልላ ከ1 ሚሊ ሜትር ታንሳለች። ላይዋ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ቅባት አለው፤ ደረቁን ስትነኩት ምንም አይመስልም። ውስጧ ሁለት የፕላቲነም ቀለበት አለ፤ በራጅ ላይ እንደ ሁለት ነጥብ ይታያሉ፣ ሐኪሙ የጠበበውን በነጥቦቹ መሐል ያደርገዋል። እዚህ ላይ ነው የዲዛይን ጭቅጭቁ። ግድግዳውን ካወፈርከው ትጠነክራለች፣ ግን አታልፍም። ካቀጠንከው ታልፋለች፣ ግን ድንጋዩን አትችለውም። ፔት ቀጭን ሆኖ ይጠነክራል፤ ግን ደረቅ ነው፣ ክንፉ ተመልሶ አይጠቀለልም፣ ሲወጣ ይቧጥጣል። ናይሎን ይታዘዛል፤ ግን ትንሽ ይለጠጣል። ሁሉን የሚያሟላ የለም፤ ለዚህ ነው መደርደሪያው ላይ ስንት ዓይነት የሚደረደረው።

እዚያ እጅ ያወጡት እናቴ? “ልጄ፣ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይጠብም?” ጥሩ ጥያቄ! ይጠባል። በፊኛ ብቻ ከተከፈተው ከሦስቱ አንዱ ገደማ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ነበር። በ1986 ስቴንት የሚባል የብረት መረብ መጣ፤ ዛሬ በብዛት ፊኛዋ ላይ ተጭኖ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ግድግዳውን ደግፎ ይይዛል። ፓክሊታክሴል የሚባል መድኃኒት የተቀቡ ፊኛዎችም አሉ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ተነፍተው ይቆያሉ፣ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ትተው ይወጣሉ።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይቺን ፊኛ እናፈነዳታለን። ጎሚስታችን፣ ና ፓምፑን ያዝ። አይ፣ አየር አይደለም፣ ውሃ ነው የሞላሁት። በሰው ውስጥም በራጅ የሚታይ ፈሳሽ እንጂ አየር አይሞላም፤ ብትፈነዳ አየር ደም ውስጥ መግባት የለበትም። አዙር። ስድስት። ስምንት፤ ሲኖትራክ ላይ ደረስን። ፓኬቱ ላይ ጣሪያዋ 14 ተጽፏል። አዙር። 14። ወርዷን እዩ፤ ያው ነው። 18። 20፤ አይዞህ አዙር! 22። ...

ጧ የሚል የጠበቃችሁ ተሸወዳችሁ፤ ፈሳሽ አይጮህም። ጠብታዋ ግን ፊቴን አጥባኛለች።

አምጣት እስቲ። እናቴ፣ በቅድሚያ እርስዎ ይዩልኝ። በየት በኩል ነው የተቀደደችው?

“በቁመቷ።”